የተሸናፊ መሰላል

ኔል ሃርገት ኮልተር ቦይድን የወደደችው ሲሸነፍ ነው። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማርላም፣ ቡድኑም፣ አባቷም፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በዚያ በአላባማ ጥግ ሰው ሲወለድ ከስሙ በፊት ቀለሙ ይታወቃል። የብራክስተን ዩኒቨርሲቲ ቀለም ቀይ ነው፣ የካልዶን ደግሞ ሰማያዊ። ሁለቱ ኮሌጆች በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ በኅዳር፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ይጋጠማሉ። በዚያ ቅዳሜ ሠርግ የሚደግስ የለም፤ የሚሞት ካለም ቀባሪ አያገኝም። የኔል አባት ዶይል በወጣትነቱ ለብራክስተን ተጫውቶ ጉልበቱን እዚያው ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቱን እያሻሸ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር አይደለም።

ኔል ራሷን ካወቀች ጀምሮ ብራክስተን ካልዶንን ሲደቁስ ነው ያየችው።

ኮልተርን ያገኘችውም ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነበር። ጨዋታው አልቆ በስታዲየሙ ዙሪያ የተተከለው ድንኳን ሁሉ ይፈርሳል፣ የየመጥበሻው ከሰል ይጠፋል። አንድ ረጅም ሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ በቀያዮቹ ድንኳኖች መሀል ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ምነው፣ ጠፋህ?» አለችው።

«አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። አለመኖሬን ልብ ያለው ሰው የለም።»

«የካልዶን አሰልጣኝ? ጮክ ብለህ አትናገር፣ ሰው ያዝንልሃል።»

ከአባቷ መጥበሻ የተረፈውን የአሳማ ጎድን በሳህን አድርጋ ሰጠችው። «እንካ። ለሐዘንተኛ ምግብ ማቅረብ ደንብ ነው።»

«ሟቹን ታውቂው ነበር?»

«በየዓመቱ ነው የምንቀብረው።»

ሳቀ። አፉ ላይ ስጎ እንዳለ፣ ከልቡ ሳቀ። ኔል እንዲህ አምሮበት የተሸነፈ ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

እዚያ አገር የቆየ ደንብ አለ። በጨዋታው ማግስት፣ እሑድ፣ የተሸነፈው ሰው የአሸናፊውን ባንዲራ በገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ በገዛ እጁ ይሰቅላል። መሰላሉን የሚይዝለት አሸናፊው ነው። ባንዲራው እስከሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ድረስ አይወርድም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ አማች ከአማች፣ ቀለማቸው የተለያየ ባልና ሚስትም ቢሆኑ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ያላገባች ልጅ የምትሰቅለው በወላጆቿ በረንዳ ላይ ነው።

ኮልተርም በየዓመቱ ይወጣ ነበር። ኔል ከታች መሰላሉን ትይዝለታለች።

«አጥብቀሽ ያዢ እንጂ! ወድቄ ብሞት ካልዶን አሰልጣኝ ከየት ያመጣል?»

«አንተ እያለህስ ምን አመጣ?»

ቀዩን ባንዲራ ሰቅሎ ሲወርድ መጨረሻው ደረጃ ላይ አስቁማ ትስመዋለች። የተሸነፈ ሰው መሳም ደስ ይላል። ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ይቀልዳል፣ የትም አይሄድም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የብራክስተን አንጋፋ አሰልጣኝ ጡረታ ወጣ። ጎበዝ ጎበዞቹ ተጫዋቾች፣ እንደ ዘንድሮ ልጆች ሁሉ፣ ኮሌጅ እንደ ጫማ መቀየር ሲፈቀድላቸው ሁለቱን ኮሌጆች የሚለየውን ወንዝ ተሻግረው ካልዶን ገቡ። የካልዶን አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ማጥቃቱን እንዲመራ ለኮልተር ሰጠው። የተጋጣሚን ጨዋታ በቪዲዮ እያየች ድክመቱን የምታወጣ ባለሙያም ቀጠረለት። ማርላ ዊትፊልድ ትባላለች። ሁለቱ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩ ይውላሉ። ኮልተር እራት ላይ «ማርላ እንደምትለው» ማለት ጀመረ።

አምና ካልዶን የተሸነፈው በአንዲት ነጥብ ነበር። ኮልተር መሰላሉን ሲወጣ አልቀለደም።

«በሚመጣው ዓመት የምትወጪው አንቺ ነሽ» አላት ከላይ ሆኖ።

ኔል ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በጸደይ ቀለበት አሰረላት። ሠርጉ ለሚመጣው ዓመት ግንቦት ተቆረጠ፤ በመከር፣ በኳሱ ወቅት፣ እንዳይሆን ማንም ለማንም መንገር አላስፈለገውም። ኔል ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ግን እስከ ጥቅምት ብቻ ቆየ፤ ካልዶን በጥቅምት ያገኘውን ሁሉ እያሸነፈ ነበር፣ የኮልተርም ስልክ እራት ላይ ትጮህ ነበር።

«ማርላ ናት?»

«የመከላከያቸውን ቀዳዳ አገኘችው መሰለኝ። አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«ምግብህ ይቀዘቅዛል።»

«አንድ ደቂቃ አልኩሽ እኮ፣ ፍቅሬ።»

በረንዳው ላይ ወጥቶ ያወራል። በመስታወቱ በኩል እጁን እያወናጨፈ ሲስቅ ታየዋለች። ምግቡ ቀዘቀዘ። ኔል የራሷን ጨርሳ የሱንም በላችበት፤ በንዴት።

«ቆንጆ ናት?» አለችው ሲመለስ።

«ማን?»

«አሁን ማን ትለኛለህ?»

ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ ቆንጆ ናት። ምን ልበልሽ?»

«መዋሸት ማንን ገደለ!»

«ብዋሽ ደግሞ ለምን ዋሸህ ትዪኛለሽ። ሳህኔ የት ሄደ?»

በማግስቱ አባቷ ቤት ሄደች። ዶይል በረንዳው ላይ ነበር። በብራክስተን ቡድን ውስጥ የቆዩ ወዳጆች እንዳሉት ታውቃለች።

«አባዬ፣ ለኮልተር እናንተ ዘንድ ሥራ አይገኝለትም?»

ዶይል የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሱ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። ጭራሽ አያውቅም።»

«ይህን ልጅ ለእኛ አድርገን ካልዶንን ባዶ እናስቀረው ነው የምትዪኝ?» ፊቱ በራ። «የኔ ልጅ! ለኔ ተይው።»

ወደ ቤቷ ስትነዳ ደመወዙ የተሻለ ነው፣ ለቤታችንም ይቀርባል እያለች ራሷን አሳመነች። ራሷን ማሳመን አይከብዳትም። እውነቱን ግን ታውቀዋለች፤ የፈለገችው ከዚያች መስኮት አልባ ክፍል ልታወጣው ነው።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ኔል ከአባቷ ጎን ቀይ ለብሳ ተቀመጠች፤ የአባቷን አቅራቢ መነጽር ግን ኮልተርንና ጎኑ የቆመችውን ማርላን እንጂ ኳስ ልታይበት አልወሰደችም። ካልዶን ብራክስተንን በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ሰው ፊት ቀጠቀጠው። ማጠቃለያዋ ሞላላ ኳስ የብራክስተንን ሁለት ተከላካዮች አልፋ ሰማያዊው ልጅ እቅፍ ውስጥ ስትገባ፣ ኮልተር የጆሮ ማዳመጫውን ወርውሮ ማርላን ወገቧን ይዞ ከመሬት አነሳት። ወዲያው አስቀመጣትና ወደ ተጫዋቾቹ ሮጠ። ዐይኑን ላርገበገበ ሰው የሚያመልጥ ነገር ነው። ኔል አላርገበገበችም።

ይበልጥ ያንገበገባት እቅፉ አልነበረም፤ ፊቱ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብራው ስትኖር የተሸናፊነቱን ፊት በልቧ አጥንታ ይዛለች፤ ይህኛውን ያየችው ማርላ ናት። ቪዲዮውን ሲያዩ፣ ቀዳዳ ሲያገኙ፣ ሁልጊዜ እየፈካ ያያት ኖሯል።

ዙሪያዋን ቀይ የለበሰው ሕዝብ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል።

«ጉልበቴን አመመኝ» አለ ዶይል። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃርገቶች ቤት ምሳ ቀረበ። የኔል እናት ጄኔቫ የበቆሎ ዳቦውን እየቆረሰች ነው። ጄኔቫ የካልዶን ልጅ ናት፤ ካገባች ጀምሮ የዚህን ቤት ቀይ ባንዲራ በየዓመቱ የምትሰቅለው እሷ ናት። ኮልተር መሰላሉን ከፒክ አፑ አውርዶ በረንዳው ላይ አስደገፈና የታጠፈ ሰማያዊ ባንዲራ በብብቱ ይዞ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ» አለችው ጄኔቫ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አመሰግናለሁ፣ ሚስ ጄኔቫ። የእርስዎም ደስታ ነው።»

«እዚህ ቤት ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አይሰቀልም» አለ ዶይል። «ይልቅ ቁጭ በልና ስማኝ። ብራክስተን ማጥቃቱን ሊሰጥህ ይፈልጋል። አንድ ስልክ ነው የቀረህ። ትናንት ያዋረድካቸው ሰዎች ናቸው ዛሬ የሚለምኑህ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?»

ኮልተር ሹካውን እንኳ አላነሳም። «ማን ነው ስለኔ የነገራቸው፣ ሚስተር ሃርገት?»

«ማን ይሆናል፣ እጮኛህ ናታ! ከጥቅምት ጀምራ ስትነዘንዘኝ።»

ኔል ሳህኗን አየች።

«እውነት ነው?» አላት ኮልተር።

«እውነት ነው።»

«ከጥቅምት ጀምሮ እኔ ለዚህ ጨዋታ ስሠራ፣ አንቺ ልታስወጪኝ?»

«ከእሷ ጋር ስትስቅ አየሁህ። ትናንትም አየሁህ።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «በሁለት እጅህ አንስተሃት!»

«አዎ፣ አንስቻታለሁ። ያንን ቀዳዳ ያገኘችው እሷ ናት።» ባንዲራውን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «ማርላ ትወድሃለች ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አዎ እልሽ ነበር። ነግራኛለች። እኔ ደግሞ የማን እንደሆንኩ ነግሬአታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ብቻ ነው የምናወራው። ለምን አልነገርከኝም በዪኝ፤ እሱ ጥፋቴ ነው። ግን ኔል፣ ያንቺን ቡድን ባንዲራ ስንት ጊዜ ሰቀልኩ? አንድ ቀን ቀለምሽን ቀይሪ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ስትደሰቺ እያየሁ ነበር የምወጣው። ደስታሽ ደስ ይለኝ ነበር ልልሽ አልችልም። አንዳንዴ ያቃጥለኝ ነበር።» ተነሳና ባንዲራውን ወንበሩ ላይ አኖረው። «መሰላሉ ውጭ ነው። ከወጣሽ እይዝልሻለሁ። ካልወጣሽም ይዤው እሄዳለሁ።»

ኮልተር ወጣ። በሩን ክፍት ተወው።

«ተቀመጪ፣ ምሳሽን ብዪ» አለ ዶይል። «ይመለሳል። ያሸነፈ ሰው መጀመሪያ ይኮራል።»

«አንተ ከየት ታውቀዋለህ?» አለች ጄኔቫ ቢላዋውን አስቀምጣ። «በየዓመቱ ስታሸንፍ ከታች ሆነህ ስትስቅ የማይህ እኔ ነኝ። ባንዲራውስ ቀላል ነው፣ ጨርቅ ነው። የሚከብደው ያ ሳቅህ ነው።»

ዶይል ሚስቱን እንደ ባዕድ አያት። «ትቀኚብኝ ነበር ማለት ነው?»

«እንዴታ! አሁንም እቀናብሃለሁ።»

«እና እንዴት ቻልሽው፣ እማዬ?» አለች ኔል።

«እየቀናሁ ወጣኋ። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ እታች ነበርኩ።»

ከውጭ የብረት ድምፅ ተሰማ። መሰላሉ ከበረንዳው ግድግዳ ላይ እየተነሳ ነው። ከዚያ በጠጠሩ ላይ ሲጎተት፣ ወደ መኪናው።

ኔል ወንበሩ ላይ ያለውን ባንዲራ አየች። የኮልተር ፊት መጣባት፣ የትናንቱ። ልትሰቅለው ስትወጣ ያ ፊት ከታች ቀና ብሎ እንደሚያያት አወቀች፤ እየሳቀ፣ በእሷ መሸነፍ እየፈካ። ማርላም ነገ እዚያ ክፍል ውስጥ አለች፣ ከነገ ወዲያም አለች። ይህን የሚለውጥ ምንም ነገር የለም።

የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት ተሰማት።

ባንዲራውን ከወንበሩ ላይ አፈፍ አድርጋ ተነሳች።

«ኔል!» አለ ዶይል። «እዚህ ቤት ላይ አይሰቀልም ብያለሁ!»

«ቤቱ የእማዬም ነው፣ አባዬ» አለችው። «ሲሰቀል ማየት ካልፈለግህ አትውጣ።»

ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።