አባባን ማን ይጠይቃቸው

«ጎበዝ አባባ! ጎበዝ!» መራመድ የምታለማምዳቸው ፊዚዮቴራፒስት አጨበጨበች። የሚጡ አያት ሁለቱን የመራመጃ ብረቶች ይዘው ወዲያና ወዲህ ስላሉ ለሕፃን እንደሚደረገው ማጨብጨቧ ነው። አያቷ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ነገሩ የሚጡን አንጀት ካሳረረው ቆይቷል። አያቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወደዚህ ማገገሚያ የምታመጣቸው እሷ ናት። ታክሲ ውስጥ ሲያማርሩ ጆሮ ይበጥሳሉ። ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ታጣድፋቸዋለች፣ የሚሰማቸው የለም። እዚህ ገብተው «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ ግን «ተመስገን፣ ምንም አይል» ብለው እርፍ! የቤታቸውን ደረጃ እስካሁን የሚያወጣቸው አባቷ ነው፣ አዝሎ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያለብሱ የኖሩ ልብስ ሰፊ፣ ጎረቤት እያየ መታዘሉን ከስብራቱ የባሰ ይጠሉታል።

ዛሬ ደግሞ ከሕክምናው ሊያሰናብቷቸው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ፊቷን ወደ ሚጡ አዞረች።

«ያማቸዋል እንዴ? ደረጃ ይወጣሉ አይደል?»

ሰውዬው እዚሁ ቆመዋል እኮ! ሚጡ በገነች። አያቷ በዓይናቸው ለመኗት። ታክሲ ውስጥ «ይወጣል በያትና እንገላገል» ብለዋታል። እሺ ብትል ሕክምናው ያበቃል፣ እሳቸውም አባቷ ጀርባ ላይ ይቀራሉ። ውሸታቸውን ብታወጣ ደግሞ እሷም እንደዚችው ሴትዮ ሆነች፤ በቁማቸው ስለ እሳቸው ልታወራ። ኤጭ! አሁንስ በዛ።

አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው።

«ቁጭ ብለው እሳቸውን ይጠይቋቸው» አለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ደንገጥ አለች። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን አየች። ከዚያ የሚጡን አያት አስቀመጠችና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እሺ አባባ፣ ደረጃ ይወጣሉ?»

አያቷ የሱሪያቸውን ስፌት በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ሚጡ በእሳቸው ፈንታ መልሳ ልትገላግላቸው ምላሷን በላት፤ ቻለችው።

«አልወጣም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ነው የሚያዝለኝ። ወገቡን እያመመው። አይነግረኝም እንጂ አውቃለሁ፣ ሲያወርደኝ ትንፋሹን ይይዛል።»

አባቷ ወገቡን እንደሚያመው ሚጡ አላወቀችም ነበር። ብዙ ልትጠይቃቸው ፈለገች። አልጠየቀችም፤ እሳቸው ገና አልጨረሱም።