ጆሮህ ሲጮህ እኔ ነኝ

ሮቤራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ልጋብዝሽ ያለኝ በጩኸት ነው።

የፋብሪካው በር ላይ ነበርን። ከሺፍት ወጥተን፣ ፀጉራችን ዱቄት ለብሶ፣ ሁላችንም ሽማግሌ መስለን። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና «ሻይ ትጠጫለሽ ወይ!» አለኝ። ሊጣላኝ የመጣ ነው የመሰለኝ። በመንገዱ የሚያልፍ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሰው ሁሉ ዞር አለ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ «እሺ በይውና ዝም ይበል» አለችኝ።

እሺ አልኩት። ዝም እንዲል ብዬ ነው።

ስሜ ዘሪቱ ነው። ከእናቴ ከበዛብሽ ጋር ከኪራሙ ወጥተን ነቀምት ከገባን በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ የጆንያ አፍ መስፋት። ሮቤራ ደግሞ ከወፍጮዎቹ መሀል ነው የሚውለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ነው። የሺፍት አለቃችን ታፋ በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ቢያየኝ ሳቀ። የሳቀበትን የነገረኝ ውጭ ስንወጣ ነው፤ ውስጥማ ማን ይሰማል። መጀመሪያ ያስቸግራል፣ ኋላ ትለምጅዋለሽ አለኝ። እውነቱን ነው። ነባሮቹ ሠራተኞች የማሽኑ ድምፅ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ እያሉ ያመሰግኑት ነበር። ማሽኑን ግን ነክቶ ያስተካከለው ሰው የለም።

ውስጥ የምናወራው በእጅ ነው። ሻይ ለማለት አውራ ጣት ወደ አፍ። ታፋ መጣ ለማለት ሆድን ማሻሸት፤ ሆዱ ቀድሞት ስለሚደርስ። ሮቤራ አንድ የራሱን ምልክት ጨመረ። ጣቱን ጆሮው ላይ ያደርግና ወደ እኔ ይጠቁማል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ጠየቅኩት።

«ጆሮዬ ይጮኻል» አለኝ። «እናቴ ጆሮህ ሲጮህ ስምህን የሚያነሳ ሰው አለ ትለኝ ነበር። እንግዲህ አንቺ ነሽ።»

«ሁልጊዜ ነው የሚጮኸው?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ እኮ እንቅልፍም እተኛለሁ።»

«ተኝተሽም ታነሺኛለሽ ማለት ነው» አለ።

በእኛም ቤት እንደዚያው ነው የሚባለው። ስለዚህ አመንኩት። ደግሞ ሳወራ ዓይኑን ከከንፈሬ አይነቅልም። አንድ ወንድ ከንፈርሽን እንዲያ ሲያይ ምን እንደሚታሰብ ይታወቃል። እኔም ያንኑ አሰብኩ።

ሮቤራ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ለእናቴ የነገርኳት መልሴን ሁሉ አሰናድቼ ነው። እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጣን ኦርቶዶክሶች ነን፤ እነሱ የዚሁ አገር ኦሮሞ፣ ያውም ጴንጤ። እናቴ ደግሞ ኪራሙ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎረቤቶቿ ጋር በኦሮምኛ ስትስቅና ስታለቅስ ኖራ፣ ከወጣን ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ የምትጠይቀው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ጥያቄ ጠብቄ ነበር።

የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው።

«ይሰማል?»

አባቴ ዋለ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ከባድ ነበር። ታጣቂዎች ኪራሙ በገቡበት ቀን ሰው ሁሉ እየሸሸ ከጋራው ላይ ሲጣራ፣ አባቴ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ያርስ ነበር። በሬዎቹ ሰምተው ቆሙ። እሱ በጅራፍ ነካ አደረጋቸው። እናቴ ይህን ጋራው ላይ ሆና አይታለች። የቀረውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

«ይሰማል እንጂ» አልኳት።

ሮቤራ ቤታችን መጣ። «አካም ጂርቱ፣ አዴ በዛብሽ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት፣ ጎንበስ ብሎ። እናቴ በአማርኛ ደህና ነኝ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ምን ልትሠራ እንደሆነ ሳትናገር ከጀርባው ዞረችና፣ ሰው ለራሱ እንደሚያወራ ቀስ ብላ «ሮቤራ» አለች። እኔ ቀና ብዬ አየኋት። ሮቤራ እኔን አየ። ከዚያ ዞሮ «አቤት» አላት።

የእናቴ ፊት ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ሽማግሌ ገባ፣ ቀን ተቆረጠ፤ ከፋሲካ በኋላ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ጆሮዬ ጮኸ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሩቅ ያለ ፉጨት ይመስላል። አሁን ይተወኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተወኝም። ልብሱን አሰጣሁ፣ እሑድ ቤተክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ፤ ቅዳሴው መሀል ሳይቀር እዚያው አለ።

ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ! እንግዲህ እሱም ተኝቶ ያነሳኛል አልኩ።

ሰኞ ወፍጮው መሀል ቆሜ ጣቴን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ወደ እሱ ጠቆምኩ። ያላየኝ መስሎኝ እየሳቅኩ ደገምኩለት።

ሮቤራ አልሳቀም። ማሽኑን ጥሎ መጣ፤ ማሽን ጥሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። እጄን ይዞ ከጆንያው ክምር ጀርባ፣ ወደ ግቢው አወጣኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቅዳሜ።»

«ቆም ይላል?»

«አይልም። ያንተስ ይላል እንዴ?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ አወራኝ፤ ቀስ ማለቱን ራሱ ያወቀው አይመስለኝም። አምና ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ሐኪሟ ጆሮህን የሚያስጮኸው ሰው አይደለም ብላዋለች። በማሽኑ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ ነው እንዲህ የሚጮኸው፤ የሞተው አይመለስም፣ የቀረህን ጠብቅ ብላዋለች።

ከንፈሬን የሚያየው ለምን እንደሆነ፣ እናቴ ስትጠራው ለምን እኔን እንዳየ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ፍቅር ያልኩት ማንበብ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የእናቴ አባባል ይሻላል ብዬ» አለኝ። «የሐኪሟ ቃል ደስ አላለኝም። አንቺ ነሽ ማለት ደስ ይለኝ ነበር።»

እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ለመንኩት። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብዬ ሥራውን እለቃለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል አልኩት። ጆሮዬን ብቻ አየ። እሺ ያለኝ መስሎኝ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ፉጨቱም አብሮኝ።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ሮቤራ ብቻውን መጣ። ያለ ሽማግሌ።

እናቴ ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ።

«አዴ በዛብሽ፣ አታልያችኋለሁ። እኔ አልሰማም። አሁን የዘሪቱም ጆሮ ጀምሯል። እኔን ይተዉኝ፤ እሷን ግን ከዚያ ፋብሪካ ያውጧት።»

«ስጠራህ ዞረህ አልነበር?» አለች እናቴ።

«የእሷን ዓይን አይቼ ነው።»

እናቴ እኔን አየችኝ። በዚያን ቀን ከጋራው ላይ ቁልቁል ያየችው በዚህ ዓይን ይሆናል አልኩ በልቤ።

ሮቤራ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆመ። «ይጥሩኝ» አለ፣ ለግድግዳው።

«ሮቤራ» አለች እናቴ።

አልዞረም።

«ሮቤራ!»

የጎረቤት ውሻ ሰምቶ ጮኸ። ሮቤራ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያለፈ ዓመት ካላንደር ያያል። ትከሻው እንደ ተሸከመ ሰው ትከሻ ነው። ተጠርቶ ይሁን ገና ሳይጠራ አያውቅም፤ ብቻ ይጠብቃል።

እናቴ ጀርባውን አየች። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ከዚያ፣ እኔ እንኳ ለመስማት እስኪቸግረኝ ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ኢልማ ኮ» አለች።

ልጄ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ።

አልሰማም።

ሄዳ ትከሻውን ነካችው። ሲዞር ፊቱ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚወራ፣

«ቁርስ በልተሃል?» አለችው።

አልበላም ነበር። በርጩማውን አነሳችና ፊቱ ወደ በሩ እንዲሆን አድርጋ አስቀመጠችለት። «የማይሰማ ሰው ጀርባውን ለበር አይሰጥም» አለች፤ ይህንን ለእኔ ነው።

በማግስቱ ወደ ፋብሪካው አልተመለስኩም። ታፋ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ልጅ አግኝቶ ጆንያው ላይ አስቀመጣት። እሷም ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር አሉ። ትለምደዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። የሠርጉ ዕለት እናቴ የሙሽራውን ወንበር ራሷ አዞረችው፤ ወደ በሩ። እንግዶቹ የአገሯ ወግ መሰላቸው።

ያን ቀን ልጄ ብላ እንደጠራችው ለሮቤራ ነግሬዋለሁ። እናቴን ደግመሽ በይው፣ ከንፈርሽን ይይልሽ ብላት «አንዴ ብያለሁ» አለችኝ።

እሱ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ እዚያው ነው። ሐኪሟ ያዘዘችለትን የጆሮ መድፈኛ ያደርጋል። ታፋ ይስቅበታል፤ ሮቤራ የታፋን ሳቅ አይሰማም። «እስኪያገኝ» የምትለው ቃል ግን ረጅም ናት፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ድረስ ስሸኘው፣ እንዲሰማኝ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጠጋ እያልኩ ነው የምናገረው።

የእኔም ጆሮ አልተወኝም። አንዳንዴ ሥራዬን አቁሜ ፉጨቱን ሳዳምጥ ሮቤራ ያየኛል።

«ማን አነሳሽ?» ይለኛል።

ጣቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ እሱ እጠቁማለሁ። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ደግሞ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ በየቀኑም እጠቁማለሁ።