ሸሁ ያልመረቁት እንግዳ

በምስጢር ስሙ አጎት የሚባለው አለቃው ደረጃውን ሲወጣ ድንቢጥ ከላይ ሆኖ ያየዋል።

ዛሬ የሚያስረክበው ዕቃ አይደለም። ሰው ነው። ሱሀይላ በትንሿ የስብሰባ ክፍል በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከምትሠራበት የጭነት አስተላላፊ ድርጅት በጨርቅ ጥቅል ውስጥ የተደበቀ መሣሪያ ሲያልፍ አይታለች። መሣሪያውን የሚረከበው ሰውየ የፊት ጥርሱ ወርቅ ነው። አጎት ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስመሰክራት ነው የመጣው።

እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ድንቢጥን ማንም በዚህ የምስጢር ስም አያውቀውም። ለሰፈሩ አሚር ነው፤ የታደሰውን አሮጌ የነጋዴ ቤት ለስብሰባ የሚያከራየው አሚር። የቤቱ ግድግዳ ድንጋይ፣ በሮቹ ወፍራም የጥንት ጣውላ ናቸው፤ ቁልፎቹ ብቻ አዲስ ናቸው። የስለላ መሥሪያ ቤቱ እዚህ ያስቀመጠው ማን ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ እንዲያይ ነበር። ቀን ከተከራዮች ጋር ስለ ወንበርና ስለ ፕሮጀክተር ይነታረካል። ሲመሽ የሚጠራው ሰው የለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሰማው ስንት ጊዜው። ብቸኝነቱ አጥንቱ ድረስ ገብቷል።

የሚቀርበው ቢኖር የበሩ ጠባቂ ሸህ ኑርሁሴን ብቻ ናቸው። ሸሁ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጥ ሁሉ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ደጃፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ዱአ ሳይደረግለት አያልፍም። የቸኮለ ባለሥልጣን እንኳ አሚን ብሎ ነው የሚገባው።

አጎት እጁን ጨበጠው። «ቆንጆ ቤት ነው። ደሴን ስረግጥ የዛሬው የመጀመሪያየ ነው።»

ድንቢጥ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሸሁ አልመረቁትም።

ደጃፉ ላይ ነበሩ። አይተውታል። ሰላምታውን መልሰው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም።

ድንቢጥ ልጅቷ ገና አልደረሰችም ብሎ ዋሸ። አጎትን ትልቁ ክፍል አስቀመጠውና ሻይ ላዝዝ ብሎ ወረደ። እንግዳውን ምነው ዝም ብለው አሳለፉት ሲል ሸሁን ጠየቃቸው።

«የምን እንግዳ?» አሉ ሸሁ። «አንተ ኮምቦልቻ የወረድህ ለት ቤቱን እንይ ብለው ከአንድ ባለ ወርቅ ጥርስ ጋር መጥተው መርቄያቸዋለሁ። ወላሂ፣ አንድን ሰው ሁለቴ እንደ እንግዳ አልመርቅም።»

ያን ለት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ተቀበል ብሎ የላከው አጎት ራሱ ነበር። ሰውየው አልመጣም።

ሱሀይላን በገዛ እጁ ለገዳዮቿ ሊያስረክባት ነበር።

ሽቅብ ወጣ። አጎት ያለበት ትልቁ ክፍል በር ጋ ደረሰ።

ቁልፉን ከውጭ አዞረበት።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። እጀታው ተነቀነቀ። ከዚያ የአጎት ድምፅ ከጣውላው ጀርባ ዝግ ብሎ መጣ።

«ክፈት፣ ድንቢጥ። ማን እንደሆንህ ከኔ ሌላ የሚያውቅ ማን አለ? እኔ ከጠፋሁ የት ትመለሳለህ?»

እውነቱን ነው። አጎት የድንቢጥን የትውልድ ስም ለማንም አላሳወቀም፤ ፋይሉንም ያቃጠለው እሱ ነው። ድንቢጥ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆየ። እንባው መጣ። መክፈት አማረው።

አልከፈተም።

ጥይት ጮኸ። ጣውላው ዋጠው።

ሱሀይላን እጇን ይዞ በጓሮ ደረጃ አወረዳትና ባጃጅ ውስጥ ደበቃት። መሥሪያ ቤቱ ከአጎት ሰውሮ ለክፉ ቀን የሰጠውን ቁጥር ደወለ። ሰዎቹ ሲደርሱ ልጅቷን በሌላ መኪና አሳፈሯት፤ አጎትን በካቴና አወረዱት። ባለ ወርቅ ጥርሱም ከበታች ካለ ካፌ ተያዘ። ለድንቢጥ የደረሰው ትዕዛዝ አጭር ነበር። አሚር አልቋል፤ ሳይመሽ ከከተማው ውጣ።

ቁልፎቹን ለሸሁ ሲያስረክብ ምንም አልጠየቁትም። እሱ ራሱ ባጎነበሰበት ሸህየ፣ ይመርቁኝ አላቸው።

«መርቄህ የለ፣ የመጣህ ለት» አሉት። «አብሽር ልጄ። የሚመረቅ እንግዳ ነው። አንተ ቤተኛ ነህ።»

ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ጎኑ የተቀመጡ ሴትዮ ስሙን ጠየቁት።

«በላቸው» አለ።

ሴትዮዋ አምነውት ወሬያቸውን ቀጠሉ። እሱ በመስኮቱ ወደ ኋላ ደሴን ያያል። አንድ ቀን በሌላ ስም፣ ፂሙን አሳድጎ፣ እንደ ማንኛውም ተከራይ ቢመለስ እንኳ ሸሁ እጃቸውን አይዘረጉለትም። ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶለታል።