አርባ ሦስት ደቂቃ

«አርባ ሦስት ደቂቃ!» ፅናት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እንዲህ ያለ ስህተት ዓይን ያለው ሰው ይሠራል?»

የሻው ከጀርባዋ ቆሞ የመስክ ደብተሩን ያያል። ሦስተኛዋ የቡድናቸው አባል ዳግማዊት ደግሞ ስልኳን ታያለች። መስክ ላይም አንዱን የመለኪያ ዘንግ የምትይዘው በአንድ እጇ ነው፤ በሌላው ስልኳን።

ከኮሌጁ የተሰጣቸው የቅየሳ ሥራ አስቸጋሪ አልነበረም። ከአንድ ችካል ይነሳል፤ ከችካል ወደ ችካል እየተዞረ ማዕዘኑና ርቀቱ ይለካል፤ በመጨረሻ ወደተነሱበት ይመለሳል። ቀያሾች ይህን ዙሪያ ልኬት ትራቨርስ ይሉታል። አምስት ነጥብ ካለው የውስጥ ማዕዘኖቹ ተደምረው አምስት መቶ አርባ ዲግሪ መምጣት አለባቸው። አንዷ ዲግሪ በስልሳ ደቂቃ ትከፈላለች፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢተርፍ መምህር እንግዳው አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። የእነፅናት ግን አርባ ሦስት ደቂቃ ተርፎት ቁጭ አለ።

መምህር እንግዳው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነገ ጠዋት የስህተቱ ምክንያትና ስህተቱን የሠራው ሰው ስም ተጽፎ ይምጣልኝ» አሉ። «እሱ ኮርሱን ይደግማል። ከቀሩት ሁለታችሁ አንዱ በሚቀጥለው ወር ከጋሸና መንገድ ቀያሾች ጋር ልምምድ ይወጣል።»

ያ አንዱ ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የማዕዘን መለኪያ መሣሪያውን፣ ቴዎዶላይቱን፣ የምታነበው ፅናት ናት፤ ስሌቱን የምትሠራውም ፅናት ናት። መምህሩ ገና ከበሩ ሳይወጡ እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈች፤ «የሻው፤ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ አልያዘም።»

«ቀጥ አድርጌ ነው የያዝኩት» አለ የሻው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እና ቴዎዶላይቱ ሰክሮ ነው?»

ዳግማዊት ሳቀች። የሻው ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ፅናት ከሙጃ ገጠር የመጣውን ይህን ረጅም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነው የናቀችው። አባቷ አቶ ከፋለ ላሊበላ ውስጥ ሆቴል አላቸው፤ እሷም በሦስት ቋንቋ ሰላም ማለት የምታውቀው ገና ፊደል ሳትጨርስ ነው። የሻው ግን በአንዱም ቋንቋ ቢሆን አያወራም። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው። መንገድ ላይ ላገኘው ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ ይላል። «ባላገር» ትለዋለች፤ እየሰማ። እውነቱን ለመናገር ዳግማዊትንም ትንቃታለች፤ ዳግማዊት ግን ስለምትስቅላት ይቅር ትላታለች።

ሆኖም ከክፍል ከወጣች በኋላ አንድ ነገር ከነከናት። ከትናንት በስቲያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ለክተው፣ ከሁለተኛው ሆነው ሦስተኛውን ችካል እንዳነበቡ ዝናብ መጥቶ አቋርጠው ነበር። ትናንት ለመቀጠል ሲሄዱ የሻው ሦስተኛው ችካል አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አፈሩን ነካካ።

«ይቺ ችካል እዚህ አልነበረችም» አላት። «ዘንጉን ይዤ የቆምኩት'ኮ እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ እግር አውጥታ ሄደች?» ብላው ነበር። ከዚያም መሣሪያውን ችካሉ ላይ አቁማ አነበበች።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ችካል ወዳለበት የገብስ ማሳ ወረደች፤ ልትሳሳት እንደማትችል ለራሷ ልታረጋግጥ። ችካሉ የማሳው እርከን ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብትወዘውዘው ንቅንቅ አይልም። ይኸው፣ አለች በልቧ። ትንሽ ራቅ ብለው አንዲት ሴትዮ ገብሳቸውን ያርማሉ።

«እማማ፣ ይቺን ችካል ነክተዋታል እንዴ?»

ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«እንዴት ዋሉ አይባልም? ኮሌጁ ይህን አያስተምርም?»

ፅናት ፊቷ ጋለ። «እንዴት ዋሉ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን። ሰብሌ እባላለሁ፤ ማሳው የኔ ነው። ነክቻታለሁ እንጂ! ገብሴ መሀል ተክላችሁብኝ ሄዳችሁ። ማንን አስፈቀዳችሁ? ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት የሰው ማሳ ላይ ሲተከል ምን እንደሚከተል አላውቅም መሰለሽ? ያም ሆኖ የልጆች ሥራ ነው ብዬ አልጣልኳትም። ነቀልኳትና ዳር ላይ በድንጋይ መታኋት። ከናንተ አተካከል የኔው ይሻላል።»

በጣታቸው አሳዩዋት። በገብሱ መሀል፣ ከችካሉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ የእንጨቱ ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ነው። ፅናት ካልኩሌተር አላስፈለጋትም። ከሁለተኛው ችካል እስከዚህ አርባ ሜትር ነው። በአርባ ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን መሄድ አርባ ሦስት ደቂቃ ነው።

«ለዚያ ለረጅሙ ልጅ ነግሬው የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ሰብሌ ወደ አረማቸው እየተመለሱ። «ትናንት አመሻሹ ላይ ብቻውን መጣ። ከሩቅ እጅ ነሳኝ፤ ሲያርምልኝም ቆየ። ጉድጓዱን አሳየሁት። አልነገራችሁም?»

የሻውን ያገኘችው ከተከራያት ክፍል ደጃፍ ላይ ሸሚዝ ሲያጥብ ነው። ሰላምታም አልሰጠችው።

«ታውቅ ነበር! ስምህን ስጽፍ ዝም ብለህ አየኸኝ!»

«ነግሬሽ ነበር» አለ የሻው።

«እትዬ ሰብሌን ካገኘህ በኋላ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁለተኛ እንድትስቂብኝ?» ሸሚዙን ጨመቀው። «ለቲቸር ብናገር ደግሞ ችካል ነቀሉ ተብሎ እትዬ ሰብሌ ቀበሌ ሊጠሩ ነው። እሳቸውን ከስሼ ራሴን አላወጣም። ኮርሱን እደግማለሁ፣ በቃ።»

«እኔ'ኮ...»

«አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊ። ላንቺ መንገር ድካም ነው» አለና አየት አደረጋት። ከዚያ ወደ ሳፋው ዞረ።

ፅናት ያንን አስተያየት አወቀችው። እሷ ሌሎችን የምታይበት ነው። ወደ እሷ ዞሮ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት።

በማግስቱ ጠዋት መምህር እንግዳው እጃቸውን ዘረጉ። ፅናት ወረቀቱን ይዛ ቆመች። እንዳለ ብትሰጣቸው የሻው ዝም ይላል፤ እሷ ልምምድ ትወጣለች። «የማሳው ባለቤት ነቀሉት» ብላ ብትጽፍም ትወጣለች። አባቷ ገና ትናንት ማታ «ልጄ ከመንገድ ቀያሾች ጋር ልትሠራ ነው» ብለው ለእንግዶቻቸው ሲናገሩ ሰምታለች።

«ፅናት፣ ልጠብቅሽ?» አሉ መምህሩ።

«አንድ ጊዜ ቲቸር።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የጻፈችውን ሰረዘችው። ከሥሩ ሌላ ጻፈች፤ «ባለ ማሳዋን ሳናስፈቅድ ገብስ መሀል ችካል ተከልን። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ችካሉ ቦታውን እንደለቀቀ ከማንበቤ በፊት ተነግሮኝ ነበር። አልሰማሁም።»

መምህር እንግዳው በትከሻዋ በኩል አነበቡት። ዳግማዊት ስልኳን አስቀመጠች። የሻው ከኋላ ወንበር አንገቱን ቀና አደረገ።

«ማን እንደነገረሽ አልጻፍሽም» አሉ መምህሩ።

«የሻው ነው።»

«ከሥሩ የሚጻፈው ስም ኮርሱን የሚደግመው ሰው ስም ነው፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ፅናት» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ፅናት የለችም፤ ያ ብቻውን ይበቃ ነበር። ትንሽ ቆም አለችና «ከፋለ» ብላ የአባቷን ስም ጨምራ ወረቀቱን ሰጠቻቸው።