ለድመቶች የተሰጠች መያዣ

በናሕሶር አገር፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አንዲት አይጥ በንጉሡ ዙፋን ላይ ወጥታ ጢሟን ስትጠራርግ ታየች። ጠቢባኑ የትንቢት መጽሐፍ ሊገልጡ ሲጣደፉ ሲንዳሪ የተባለች የገበሬ ልጅ ወደ እናቷ ጎተራ ሮጠች። እህሉ ገለባ ሆኗል። የተረፈው በእናቷ መኝታ ሥር የተቀበረ አንድ ማሰሮ ዘር ብቻ ነበር፤ እሱ ካለቀ መንደሩም አለቀ። አገሩን የወረሩት አይጦች የአንድ ጠንቋይ ሠራዊት ስለነበሩ ወጥመድም መርዝም አልበገራቸውም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ንጉሡ የሚፈራቸውን ድመቶች ለማስለመን ፈቀደ። በዚያ ዘመን ድመት ከሰው ጋር አትኖርም ነበር። ድመቶች በቀይ ገደል ላይ የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፤ ጥጃ የምታህለው ንግሥታቸው አዝሚት የሰው ቋንቋ ታውቃለች። ሲንዳሪ «ሳላመጣቸው አልመለስም» ብላ ማለች። አጎቷ ጎልማርም ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ተከተላት። ናሕሶሮች ያላሰሩትን እንስሳ የእኛ ነው አይሉም፤ ዶሯቸውን እንኳ ያስራሉ።

ገደሉን ቧጠው ዋሻው አፍ ሲደርሱ ከየስንጥቁ ዓይኖች አፈጠጡባቸው። ሲንዳሪ ተንበርክካ ለመነች። አዝሚት ሁለት ግልገሎቿን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻቸው። ያን ጊዜ ጎልማር፣ ክፉ ሳያስብ፣ እጁ እንደለመደው በአንደኛዋ አንገት ገመድ አጠለቀ።

ገደሉ በጩኸት ተናወጠ። የአዝሚት ጥፍር የጎልማርን ትከሻ ቀደደው፤ ሲንዳሪ ዘላ በመካከላቸው ገባች።

«ሰው ለምኖ ይመጣል፣ አስሮ ይሄዳል» አለች ንግሥቲቱ። «ልጆቼን ምን አምኜ ልስጥ?»

ሲንዳሪ ወደ ግልገሏ ተጠጋች። ገመዱን ከግልገሏ አንገት ፈትታ በገዛ እግሯ ላይ አሰረችው፤ ጫፉንም በአዝሚት ፊት አኖረችው።

«እኛ ከገመድ ሌላ ቃል ኪዳን አናውቅም፣ እመቤቴ። እንግዲህ በእኔ ላይ ይሁን። ልጆችዎ ሳይታሰሩ ይሂዱ፤ ሲሻቸው ይግቡ፣ ሲሻቸው ይውጡ። እነሱ ከእኛ ጋር እስካሉ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።»

«ልጄ፣ ይሄ ዕድሜ ልክ ነው» አለ ጎልማር ደሙን በእጁ ይዞ። «እናትሽን ምን ልበላት?»

«በሩን እንዳትዘጋባቸው ይንገሯት።»

ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷንም በደንብ አልደበቀችውም። አዝሚት የገመዱን ጫፍ በጥፍሯ ያዘች፤ ጎልማርም ግልገሎቹን አቅፎ እያለቀሰ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ወሬ የሚያመጣ ጠፋ። ክረምቱ ገባ። ሲንዳሪ በየማለዳው ከገደሉ ጫፍ ተቀምጣ ባዶውን ሜዳ ታያለች፤ ዘሩ ተበልቷል ብላ ተስፋ ቆረጠች። አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ ግን በእናቷ ቤት ዙሪያ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ታየ።

«ዘርተዋል» አለች፤ እንባዋም ወረደ። የጠንቋዩ ሠራዊት ተሸንፏል።

አዝሚት መጥታ አጠገቧ ተኛች። «ልጆቼ ይታዩሻል?»

«አይታዩም።»

«እናትሽስ?»

«እሷም አትታይም።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ያን ቤት ሲያዩ ዋሉ።