የካባው ሙታንና አስተርጓሚው

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው ጉብታ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር፤ ነጩ ለጣልያን ሹማምንት መኖሪያ የሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ኖራ ሲሆን፣ ጥቁሩ የተቃጠሉት የአገሬው ጎጆዎች አመድ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከሰው ሲተላለፍ ሰላምታ የሚሰጠው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር፤ በየካቲቱ እልቂት ስንት ቤት እንደ ተዘጋ ያየ ሕዝብ፣ የጎረቤቱን በር ከማንኳኳቱ በፊት ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ማየትን ልማድ አድርጎት ነበር።

በዚያ ጧት አቶ ቀለመወርቅ አጥናፉ ከቂርቆስ ቤታቸው ወጥተው ወደ ሥራቸው ያዘግሙ ነበር። እኒህ ሰው በቀድሞው መንግሥት ጸሐፊ የነበሩ፣ ጣልያንኛ በልጅነታቸው ከካቶሊክ ሚሲዮኖች የተማሩ፣ አርባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ፊደል የቆጠረ ሁሉ እየታደነ ሲገደል፣ ሦስት ቀን በጎረቤት የእህል ጎተራ ውስጥ ተኮራምተው ተርፈዋል፤ ከጎተራው ከወጡ በኋላ ግን ጫካ ለመግባት ልብ አጡ፤ ቤት ለመቀመጥም ፈሩ፤ በመጨረሻ በገዛ እግራቸው ሄደው በቱርጁማንነት ተቀጠሩ። ሰፈሩ ባንዳ ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት የሚላቸው ግን የለም። እርሳቸውም ይህ ስም አይገባኝም ብለው ተከራክረው አያውቁም።

የሚያገለግሉበት መሥሪያ ቤት ለሕንፃው ሥራ ጉልበተኛ የሚመለምል ነበር፤ አለቃው ካፒቴን ሪናልዲ ይባላል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሰው ሲያስገርፍም ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ነው። ከዑራኤል በታች ድንጋይ የሚፈለጥበት አንድ ካባ ነበር፤ ክረምቱ አፈሩን አርሶት ገደሉ መሰንጠቅ በጀመረ ጊዜ፣ በግዳጅ የተሰበሰቡት ሠራተኞች አንወርድም ቢሉ በጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ በአስካሪዎቹ ጅራፍ እየተገረፉ ወረዱ። ከቀትር በኋላ ገደሉ ተናደ። አሥራ አንድ ሰዎች ከሥር ቀሩ፤ ደጋጋ የሚባል አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ፈላጭ ብቻ፣ አፍና ጆሮው በጭቃ ተሞልቶ፣ በደረቱ እየተሳበ ወጣ።

ደጋጋ በካፒቴኑ ፊት ቆሞ ያየውን ሲናገር ያስተረጎሙት አቶ ቀለመወርቅ ነበሩ። ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው አዳምጦ ወረቀት አቀረበላቸውና የአሥራ አንዱን ሰዎች ስም አስጻፋቸው፤ በላዩ ላይ ግን «ሥራቸውን ከድተው ወደ ሽፍታ የገቡ» የሚል ቃል እንዲያኖሩ አዘዘ። በግርጌው እንዲፈርሙ ብዕሩን ሰጣቸው። ፈረሙ። በማግስቱ ካባው በአፈር ተደለደለ፤ ደጋጋም አፉን ከከፈተ አሥራ ሁለተኛ እንደሚሆን ተነግሮት ወደ ሌላ ሥራ ተወሰደ።

የዚያ ወረቀት ጦስ በሙታኑ ላይ ብቻ አላበቃም። የሽፍታ ቤተሰብ ተብለው ጎጆአቸው ተቃጠለ፤ ቦታውም ለአዲሶቹ ቤቶች ተከለለ፤ ሚስቶቻቸው ልጆቻቸውን ይዘው በየዘመዱ ጓሮ ተጠጉ። ባሎቻቸው ይሙቱ ይኑሩ አያውቁምና አላለቀሱም፤ ጥቁር አልለበሱም፤ ካህንም ፍትሐት አልፈታላቸውም።

በጥቅምት ማብቂያ ግን ከካፒቴኑ ጋር የተጣላ አንድ መሐንዲስ ወደ ሮም የላከው ክስ ፍሬ አፈራ፤ አንድ ኮሎኔል ጉዳዩን እንዲመረምር ታዞ አዲስ አበባ ገባ። ይህ የሆነው ለሐበሻ ነፍስ ታዝኖ አልነበረም፤ ከሹማምንቱ መካከል አንዱ ወገን ሌላውን ለመጣል ሰበብ ሲፈልግ ስለ ነበር ነው። ቢሆንም ነውሩ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰማ፤ ጸሐፊዎች በሹክሹክታ ሲነጋገሩበት በር የተከፈተ እንደሆነ ሁሉም ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር።

ምርመራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ አቶ ቀለመወርቅ እያዘገሙ ወደ ሥራ የሄዱት፤ ካፒቴኑ ሊያነጋግራቸው እንደሚፈልግ ከዋዜማው ሰምተው ነበርና። እንደ ደረሱ ካፒቴኑ ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«ነገ ከሴቶቹ አንዷና ደጋጋ በኮሎኔሉ ፊት ይቀርባሉ» አላቸው። «አንተ የምትናገረው በፈረምህበት ወረቀት ላይ ያለውን ነው።»

«እነርሱ ሌላ ነገር ቢናገሩስ፣ ካፒቴን?»

«ኮሎኔሉ አማርኛ አይሰማም። በአንተ አፍ ያላለፈ ነገር አልተነገረም።» ከዚያም የወረቀት ማኅደር ገለጥ አድርጎ አየና «የሚስትህ ስም የሻረግ ነው፤ አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን አልጠበቀም።

ሲወጡ የሥራ ባልደረባቸው ሓዱሽ በኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ነበር። ሓዱሽ ከአስመራ የመጣ፣ ለጣልያኖች ሃያ ዓመት ያስተረጎመ ሰው ነው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለ በዝግታ። «ምን እንዳለህ አልጠይቅህም። እኔ የማውቀው በሁለት የወፍጮ ድንጋይ መካከል የገባ እህል ዱቄት እንደሚሆን ነው። ያዘዘህን ብለህ ግባ።»

«አንተ ብትሆን እንዲያ ታደርግ ነበር?»

ሓዱሽ «እኔን አልጠየቁኝም» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴት ጠበቀቻቸው። ሀብትነሽ ነበረች፤ ካባው ከተናደባቸው ሰዎች አንዱ የሆነው የነጋሳ ሚስት። ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሣች።

«አቶ ቀለመወርቅ፣ መንገድ ላይ ስላቆምኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ነገ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ነጋሳ በሕይወት ካለ ልጠብቀው፤ ሞቶም ከሆነ ላልቅስ። ሦስት ወር ሙሉ ከማዕዱ እየከፈልኩ አስቀምጥለታለሁ፤ ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እርስዎ ከእነርሱ ጋር ይውላሉና የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን?»

አቶ ቀለመወርቅ በጎዳናው ማዶ የቆሙትን ሁለት የካራቢኔሪ ፖሊሶች አዩ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና መንገዱን ለቀቀችላቸው። ይህ ምርቃት ከእርግማን ይልቅ ከበዳቸው፤ ከቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ቀና ብለው አልሄዱም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ እራት አቅርባ፣ ምግቡ ሳይነካ መቅረቱን አይታ አነሣችው። እርሳቸውም ሁሉን ነገሯት፤ ወረቀቱን፣ ፊርማውን፣ ካፒቴኑ ስሟን መጥራቱንም አልደበቁም።

«እኔ ደፋር ሴት አይደለሁም» አለች። «ባይናገሩ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከነሐሴ ወዲህ እህል አጣጥመው ሲበሉ አይቼ አላውቅም፤ በእንቅልፍዎም የሰው ስም ይጠራሉ። ስሞቹን እኔም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።»

«አንቺን ይይዙሻል፣ የሻረግ።»

«እንግዲያው አያግኙኝ። ወደ አክስቴ ወደ ምንጃር የሚሄዱ የጤፍ ነጋዴዎች ገና ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ። ከእነርሱ ጋር እሄዳለሁ። እዚያ ቆመው ምን እንደሚሉ እርስዎ ያውቃሉ፤ የእኔ ስም ግን አፍዎን እንዲዘጋው አልሻም።»

ጎህ ሲቀድ አንዲት ጥቅል ይዛ ሄደች። በር ላይ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እርሳቸውም ግንባሯን ሳሙ፤ ሁለቱም ስለ መመለስ አልተነጋገሩም።

ምርመራው የተደረገው ገና ካልደረቁት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው፤ የእርጥብ ኖራ ሽታ ጉሮሮ ይይዝ ነበር። ኮሎኔሉ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው ስለ ከበደ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ያዳምጣል። ካፒቴን ሪናልዲ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል። ሓዱሽ ከጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ጫፍ ነበር።

መጀመሪያ ሀብትነሽ ተጠየቀች። ባሏ ምሳውን ቋጥሮ ወደ ካባው እንደ ሄደ፣ ከዚያም እንዳልተመለሰ ተናገረች፤ አቶ ቀለመወርቅም ቃሏን እንዳለ አስተረጎሙ። ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ እንድትቀመጥ ተደረገና ደጋጋ ገባ። ቆቡን በሁለት እጁ እየጨመቀ ቆመ።

«እነዚህ አሥራ አንድ ሰዎች ከሥራ ኮብልለዋል ወይስ አልኮበለሉም?» ብሎ ኮሎኔሉ ጠየቀ።

ደጋጋ ወደ ካፒቴኑ ተመለከተ፤ ቀጥሎም ወደ አስተርጓሚው። በመጨረሻ በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ በነሐሴ የነገርኩዎትን እርስዎ ያውቁታል። እርሱኑ ልድገመው?»

«ምን አለ?» አለ ኮሎኔሉ።

አቶ ቀለመወርቅ «አላውቅም ይላል» ብለው ቢናገሩ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ደጋጋም አይወቅሳቸውም፤ እንዲያውም እርሱ ራሱ ይህንኑ ሳይመኝ አልቀረም። የካፒቴኑ ጫማ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎተራው ታሰባቸው፤ በጭለማው ውስጥ የራሳቸውን እስትንፋስ እንዴት ያፍኑት እንደ ነበር አስታወሱ።

«በነሐሴ የነገርኩዎትን ያውቁታል፤ እርሱኑ ልድገመው ወይ፣ ይላል» አሉ በጣልያንኛ።

የካፒቴኑ እግር ቆመ።

«በነሐሴ ምን ነገረህ?» ሲል ኮሎኔሉ ጠየቀ።

አቶ ቀለመወርቅ ተናገሩ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ከፍርሃት የተነሣ እንደ ሕመምተኛ ድምፅ ቀጥኖ ነበርና ኮሎኔሉ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«አልሰማሁህም። ድገመው፤ ከፍ አድርገህ።»

አንድ ጊዜ መናገር ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ጉልበት ጨርሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«አሥራ አንዱ ሰዎች አልከዱም። ካባው ተንዶባቸው ከሥር ናቸው። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማውም የእኔ ነው፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ጻፍኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ካፒቴን ሪናልዲ።»

ካፒቴኑ ተነሥቶ «ይህ የአገሬው ሰው ቃል እያጣመመ ነው፤ ደጋጋ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም» አለ። ኮሎኔሉ ወደ ሓዱሽ ዞረ። «አንተ አማርኛ ታውቃለህ። የደጋጋ ቃል በትክክል ተተርጉሟል?»

ሓዱሽ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ካፒቴኑን አላየም፤ አቶ ቀለመወርቅንም አላየም። «ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፣ ክቡር ኮሎኔል» አለ። «ነገሩ እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አላውቅም። ይህን ለማወቅ መቆፈር ይበቃል።»

ኮሎኔሉ ይህን ሲያስጽፍ፣ አቶ ቀለመወርቅ ማንም ሳይፈቅድላቸው ወደ አግዳሚው ዞሩ። «ሀብትነሽ» አሉ በአማርኛ፤ «ነጋሳ ሞቷል። ትናንትናም አውቅ ነበር፤ ዋሽቼሻለሁ። ከዛሬ ጀምረሽ አልቅሺ።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ግንባሯን በግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆየች።

ካባው ሁለት ቀን ተቆፈረ። አሥራ አንዱም ተገኙ። መሰብሰብ የተከለከለ ቢሆንም ለቀብራቸው ከቂርቆስም ከዑራኤልም ሰው ወጣ፤ ካህናቱም ሦስት ወር የዘገየውን ፍትሐት በየስማቸው ፈቱ። አቶ ቀለመወርቅ ከሰው ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ባንዳ ይሏቸው ከነበሩት አንዳንዶቹ አዩአቸው፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ መጥቶ ከጎናቸው ቆመ። ደጋጋ ነበር።

ፍርዱ ግን እንደ ብዙው የዚያ ዘመን ፍርድ ሆነ። ካፒቴን ሪናልዲ ማዕርጉን እንደ ያዘ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ተዛወረ፤ የከሰሰው መሐንዲስም በቦታው ተሾመ። ጥፋቱን በገዛ አፉ ያመነ ሰው አንድ ብቻ ነበርና የሚቀጣም እርሱ ሆነ፤ አቶ ቀለመወርቅ ሐሰተኛ ጽሑፍ በመጻፍ ተፈርዶባቸው ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ተጭነው በሶማሊያ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት ተላኩ። በዚያ ሐሩርና ጨዋማ ውኃ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይተው ጥርሳቸው ረግፎ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጠላት ሲወጣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ወይዘሮ የሻረግ ከምንጃር መጥታ ስታያቸው መጀመሪያ አላወቀቻቸውም።

አገር ከተረጋጋ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ለመመለስ አመለከቱ። ያነጋገራቸው ወጣት ሹም ጠላትን አገልግለው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አገልግያለሁ» አሉ።

«የሚጨምሩት ነገር አለ?»

«የጠየቁኝ ይህን ነው፤ እውነት ነው።»

ሀብትነሽ ይህን በሰማች ጊዜ እኔ ሄጄ ልመስክርልዎት ብላ ለመነቻቸው፤ እርሳቸው ግን ፊርማው የእኔ ነው ብለው ከለከሏት። ከዚያ ወዲያ በቂርቆስ ቅጥር አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፉ ኖሩ፤ በአርባ ዓመተ ምሕረትም አረፉ።

ጉብታው ዛሬ በእነዚያ የጣልያን ቤቶች ስም ካዛንቺስ ይባላል፤ ካባው የት ላይ እንደ ነበር የሚያሳይ ግን የለም። ስለ አቶ ቀለመወርቅ የተጻፈ ሁለት ወረቀት ብቻ ቀርቷል፤ በጣልያኖቹ መዝገብ ሐሰተኛ ዝርዝር የጻፈ አስተርጓሚ ተብለዋል፤ በአገራቸውም መዝገብ ለጠላት ያደሩ ተብለዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም። እንዲያ እየፈሩ ሁለት ጊዜ መናገራቸውን፣ በሁለተኛውም ጊዜ ወደ ኋላ አለማለታቸውን ግን አይተው ሊመሰክሩላቸው የሚሹ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሀብትነሽና ደጋጋ። እነርሱም መጻፍ አያውቁም ነበር።