የታሸገው ሱቅ

«አለቀ?»

ሬዲዮ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የጠየቀችው። ወሬ ስለማታቋርጥ ክፍሉ በሙሉ ሬዲዮ ይላታል። አጠገቧ የምትቀመጠው መርፌ ደግሞ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከአባቷ ነው። ቀጭን ከመሆኗም ሌላ፣ መነጽሩን ፍለጋ ሲደናበር ክሩን ነጥቃ በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባለት እሷ ነበረች።

«አላለቀም» አለች መርፌ። «ዳኛው ተቀየሩ። አዲሷ ዳኛ መዝገቡን እስኪያነቡ ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ።»

«አንድ መዝገብ ማንበብ ይህን ያህል ይፈጃል እንዴ? እኛ ለፈተና ስንት መጽሐፍ እንውጥ የለ!»

መርፌ ፈገግ አለች። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም።

«እማዬ አሁን በእጇ ነው የምትሰፋው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የዩኒፎርሙን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡባት። ማሽኗ ተሠርቶ አልቆ እኮ እናንተ ሱቅ ቁጭ ብሏል! የኋላው በር ቁልፍ አለሽ አይደል?»

መርፌ አፏን ሳትከፍት መምህሩ ገቡ።

አባቷ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነበር። ታሞ ሲተኛ ኑዛዜ አጻፈ፤ ቤቱን ለእናቷ፣ ሱቁን ለመርፌ። ሲሞት እናቷ «ቢበዛ አንድ ወር ነው» ብላ ነበር። ነገር ግን አባቷ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ታላቅ ወንድሟ ኑዛዜውን ተቃወመ። ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ ሱቁን አሸገ። የደንበኞቹ ማሽኖች ውስጥ እንዳሉ ተቆለፈባቸው። ከዚያ ወዲያ አንዴ መጥሪያው ሳይደርስ ቀረ፣ አንዴ ምስክሩ ታመመ፣ አንዴ የወንድሟ ጠበቃ ሌላ ችሎት ገባ። መርፌ ክፍል አለፈች፣ ጫማዋ ጠበባት፤ ጉዳዩ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም።

ከሰዓት በኋላ እናቷን ተከትላ ወደ ጠበቃቸው ቢሮ ሄደች። ጠበቃዋ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት፤ ስታወራ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ደስ ይበልዎ» አለች እናቷን። «የሚቀጥለው ቀጠሮ ለውሳኔ ነው።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። መርፌ ግን፣ «የደንበኞቹን ማሽኖች ከዚያ በፊት ማውጣት አይቻልም?» ብላ ጠየቀች።

«አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። ወንድምሽ ከተቃወመ ግን ሌላ ክርክር ነው። ቢስማማም እንኳ ንብረቱ እስኪለይ ቀጠሮው ይገፋል። ከዚያ የፍርድ ቤቱ እረፍት ይመጣል።»

«ተይው እንግዲህ» አለች እናቷ። «ይህን ያህል ታግሰው የለ፤ ትንሽ ይጨምሩበት። እኔ ከዚያ ልጅ ጋር የምነጋገረው ነገር የለኝም።»

ቅዳሜ ሬዲዮ ሳትጠራ መጣች። ሁለቱም ሳይነጋገሩ በሱቁ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ገቡ። መርፌ በመስኮቱ መስታወት አየች። ማሽኖቹ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፤ አባቷ በየአንገታቸው በጨርቅ ቁራጭ ያሰረላቸው የባለቤቶቹ ስም ከሩቅ ይታያል። የሬዲዮ እናት ጥቁር ማሽን በሩ አጠገብ ነበር። እጅ ቢዘረጋ ይደረስበታል።

ቁልፉን አውጥታ ከታች እስከ ላይ ዳሰሰችው፤ መልሳም ኪሷ ከተተችው።

«ምን ሆነሻል? ክፈቺው እንጂ!»

«አንዱ ከጎደለ ዘረፉ እንባላለን። እማዬን ነው የሚጠይቋት። ደግሞስ የሌሎቹስ? ያንቺ እናት ብቻ ናት እንዴ የምትሰፋው?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ! ሱቅ እስኪሰጥሽ ነው የምትጠብቂው፤ እኛ የራሳችንን ነው የተቀማነው።»

ሬዲዮ ጥላት ሄደች። መርፌ የኋላውን በር ይዛ ትንሽ ቆመች። ሊያስለቅሳት የደረሰው ስድቡ ሳይሆን እውነትነቱ ነበር።

ወንድሟ የጭነት መኪና ይነዳል። መናኸሪያው አጥር ሥር ፈልጋ አገኘችው፤ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት የጠፋው ይመስል ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሽዬ» አለችው።

«ጠበቃዬ ከእናንተ ጋር እንዳታወራ ብሎኛል።»

«እኔን ማንም አልላከኝም።»

ዳቦውን ቆርሶ ሰጣት። ተቀበለችው። ስለ ማሽኖቹ ነገረችው፤ ስለ ጥቁሩም፤ እንዲወጡ የሚጠይቀውን አቤቱታ እንዲፈርምም ለመነችው። ሳታስበው፣ «ቆይ አንተ ግን ሱቁን ምን ልታደርገው ነው?» የሚል ጥያቄ አመለጣት።

የቀረውን ዳቦ ጎማው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ገና ቁመቴ ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ እዚያ ሠርቻለሁ። ያን ጥቁር ማሽን መጀመሪያ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አባዬ ቆሞ እያየኝ። በኋላ ተጣላን፣ እሺ፤ እኔም ምላሴ አላረፈ። ግን ኑዛዜው ሲነበብ ስሜ የለም። ‹ለእሱ ምንም አልሰጠሁትም› እንኳ አይልም። ጭራሽ እንዳልተወለድኩ!»

መርፌ ይህን አታውቅም ነበር። ቤት ውስጥ የምትሰማው «ስግብግብ» የሚለውን ብቻ ነው። የሰጣትን ዳቦ በላች።

«አቤቱታውን እፈርማለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ይረዝምባችኋል፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

እናቷ ስትሰማ ተቆጣች። ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው። «ማን ሂጂ አለሽ? እንዲህ ዓመት ሙሉ ስንንገላታ ከርመን፣ ልንገላገል ስንል?»

«እማዬ፣ ሱቁ ለኔ ነው የተባለው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው የሰው ዕቃ የታሰረው በኔ ስም ነው። ሬዲዮ አታናግረኝም።»

እናቷ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ደርቆም አላቆመችም። በማግስቱ ለጠበቃዋ ደወለች።

ጠበቃዋ እንዳለችው ሆነ። የውሳኔው ቀጠሮ ተገፋ፤ ከዚያም እረፍቱ ገባ። ሱቁ የተከፈተው ልብስ ሰፊዎቹ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን መታወቂያ እያየ ማሽኑን ያስረክባል። እናቷ ከጠበቃዋ ጋር በአንድ በኩል፣ ወንድሟ በሌላ በኩል ቆሙ፤ ሰላምታም የለ። ሬዲዮና እናቷ ጥቁሩን ማሽን ተሸክመው ሲወጡ ሬዲዮ፣ «ከባድ ነው፤ ነይ ያዢልን» አለቻት። ይቅርታ ማለቷ መሆኑን መርፌ አላጣችውም። እስከ ጋሪው ድረስ አብረው ተሸከሙ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቀሩ። የእሳቸው ማሽን አባቷ ከመታመሙ በፊት እንደፈታው ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ነበር።

«ይኼን ማን ይገጥምልኛል ልጆቼ?» አሉ።

ወንድሟ ብሎኖቹን ያያል፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«ታውቀው የለ እንዴ?» አለች እናቷ፣ ወደ እሱ ሳትዞር። «እኚህን ሰው ለምን ታቆማቸዋለህ? ግጠምላቸው እንጂ።»

ሠራተኛው ሰዓቱን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንድሟ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌ ብሎን ስታቀብለው የትኛውን እንደሚፈልግ አይነግራትም፤ እጁን ይዘረጋል፣ እሷም ታውቃለች። ሁለቱም የተማሩት ከአንድ ሰው ነው። ማሽኑ ሲዞር ሽማግሌው መረቋቸው። በሩም እንደገና ታሸገ።

ጠበቃዋ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ መርፌ ተጠጋቻት።

«ሱቁን ከጋሽዬ ጋር ልካፈል ብልስ?»

የእስክሪብቶው ክዳን ቆመ። «ገና ልጅ ነሽ፤ ብቻሽን መወሰን አትችዪም። እናትሽ መስማማት አለባቸው። ዳኛዋም አንቺን የማይጎዳ መሆኑን ያጣራሉ። ከዚያ የሱቁ ዋጋ ግምት አለ፣ አስታራቂ ሽማግሌ አለ...»

«ብዙ ይፈጃል?»

«አልዋሽሽም፤ ብዙ ይፈጃል። ዝም ብለሽ ብትጠብቂ ግን ሙሉውን ልታገኚ ትችያለሽ።»

እናቷ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ወንድሟ መኪናውን አስነስቷል፤ ግን አልሄደም።

«ይፍጅ» አለች መርፌ። ግራና ቀኝ አየችና እናቷን ልታናግር መንገዱን ተሻገረች።